የፊት ነርቭ ሕመም (ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ)፦ ሕመሙን መቆጣጠርና አብሮት መኖር

ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ በአብዛኛው በአንድ ወገን ፊት ላይ በድንገት የሚመጣ፣ ኤሌክትሪክ እንደያዘው የሚነዝር ከባድ የነርቭ ሕመም ነው። አንዱ የሕመም ምት ከሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ከ2 ደቂቃ የሚያልፈው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም በቀን ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመጣ ሕመምተኛው ለመብላት፣ ለመናገርና ፊቱን ለመታጠብ ይፈራል።

ሕመሙ ጥርስ ወይም መንጋጋ ላይ ስለሚሰማ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጥርስ ሐኪም ነው። አንዳንዶች ጤነኛ ጥርሶቻቸውን አስነቅለውም ሕመሙ አልተዋቸውም። ትክክለኛው ስሙ ከታወቀ ግን ሕመሙን የሚቀንስ መድኃኒት አለ፤ መድኃኒቱ ካልበቃም ሌሎች የሕክምና አማራጮች አሉ።

በአጭሩ

• ሕመሙ የሚመነጨው ከጥርስ ወይም ከቆዳ ሳይሆን የፊትን ስሜት ወደ አንጎል ከሚያደርሰው ነርቭ ነው።
• እንደ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የተለመዱ ማስታገሻዎች ብዙም አይረዱም።
• የመጀመሪያ ምርጫ የሆነው መድኃኒት ካርባማዜፒን ነው። መጠኑ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ በድንገት መቋረጥ የለበትም።
• ካርባማዜፒን ከጀመሩ በኋላ ሽፍታ፣ ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስል ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።
• ሕመሙ ለወራት ወይም ለዓመታት ሊጠፋ ይችላል፤ ተመልሶ መምጣቱም የተለመደ ነው።

ሕመሙ የሚነሳው ከየት ነው?

ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡ 12 ጥንድ ነርቮች አሉ። አምስተኛው ትራይጀሚናል ይባላል። በቀኝና በግራ አንድ አንድ ሲሆን እያንዳንዱ ሦስት ቅርንጫፎች አሉት።

1. የላይኛው ቅርንጫፍ የግንባርን፣ የዓይንና የዓይን ዙሪያን ስሜት ያደርሳል።
2. መካከለኛው ቅርንጫፍ የጉንጭን፣ የአፍንጫ ጎንን፣ የላይኛውን ከንፈርና የላይኛውን ድድና ጥርስ ስሜት ያደርሳል።
3. የታችኛው ቅርንጫፍ የአገጭን፣ የታችኛውን ከንፈር፣ የታችኛውን ድድና ጥርስ ስሜት ያደርሳል፤ ለማኘክ የምንጠቀምባቸውን ጡንቻዎችም ያንቀሳቅሳል።

ሕመሙ በብዛት የሚታየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ከጥርስ ሕመም ጋር የሚያምታታውም ይህ ነው። በግንባርና በዓይን ዙሪያ ብቻ የሚሰማ ሕመም በአንጻሩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ያጋጥማል።

መንስኤው ምንድን ነው?

ነርቭ ልክ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሸፍነው ልባስ አለው። በብዙ ሕመምተኞች ላይ ነርቩ ከአንጎል ግንድ አጠገብ ባለበት ቦታ አንድ የደም ሥር ይጫነዋል። የደም ሥሩ በልብ ምት ቁጥር ነርቩን እየገፋ ልባሱን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። ልባሱ የተጎዳ ነርቭ ቀላሉን ንክኪ እንደ ከባድ ሕመም አድርጎ ወደ አንጎል ይልካል። ከንፈርን የነካ ውኃ እንደ ቢላ የሚወጋው በዚህ ምክንያት ነው።

በአንዳንድ ሰዎች መንስኤው ሌላ በሽታ ነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ ልባስን የሚጎዳ በሽታ አንዱ ነው። ነርቩን የሚጫን ዕጢም ሊሆን ይችላል። ምንም ምክንያት ያልተገኘላቸው ሕመምተኞችም አሉ።

ሕመሙ በብዛት የሚጀምረው ከ50 ዓመት በኋላ ሲሆን ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። በዓመት ከ100,000 ሰዎች መካከል ከ4 እስከ 13 የሚሆኑት አዲስ እንደሚያዙ ይገመታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ብርድ፣ ጭንቀት ወይም ምች የበሽታው መነሻ አይደሉም፤ ነፋስና ቅዝቃዜ ግን በበሽታው የተያዘን ሰው ሕመም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

ሕመሙ ምን ይመስላል?

• እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት፣ እንደ መብረቅ ወይም እንደ ጦር ውጋት የሆነ በጣም ከባድ ሕመም ነው።
• በድንገት ይጀምራል፤ በድንገት ያቆማል። በመሃሉ ሕመምተኛው ምንም ላይሰማው ይችላል።
• ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በአንድ ወገን ነው። በሁለቱም ወገን መሆኑ ብርቅ ነው።
• ቀላል ነገር ይቀሰቅሰዋል፦ ማኘክ፣ መናገር፣ ፈገግ ማለት፣ ጥርስ መፋቅ፣ ጺም መላጨት፣ ቅባት መቀባት፣ የነፋስ ሽውታ።
• ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ሰዓት ይቀንሳል።

አንዳንድ ሕመምተኞች በምቶቹ መካከልም የማይለቅ የማቃጠል ወይም የመጠዝጠዝ ስሜት አላቸው። ይህን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ የሕክምናውን ምርጫ ሊለውጥ ይችላልና።

ከሌሎች ሕመሞች እንዴት ይለያል?

የጥርስ ሕመም፦ የተበላሸ ጥርስ ሕመም ለደቂቃዎችና ለሰዓታት ይቆያል፤ እየጠዘጠዘ ሌሊት ይብሳል፤ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ይነሳል። ጉንጭን ወይም ከንፈርን በጣት ጫፍ በመንካት ብቻ አይቀሰቀስም።

አልማዝ ባለጭራ፦ በዚያው ነርቭ መስመር ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ያወጣል። ሽፍታው ከዳነ በኋላም የማቃጠል ሕመም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሕክምናው ከዚህኛው ይለያል። ሽፍታው በዓይን አካባቢ ከወጣ ዓይንን ስለሚጎዳ ፈጥኖ መታከም አለበት።

የፊት መጣመም፦ አንዱ የፊት ወገን የሚሠንፈው፣ ዓይን አልከደን የሚለውና አፍ የሚጣመመው በሌላ ነርቭ፣ በሰባተኛው ነርቭ ችግር ነው። ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ፊትን አያጣምምም። ፊት በድንገት ከተጣመመ የደም ዝውውር መቋረጥ (ስትሮክ) ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይሂዱ።

የሳይነስ ሕመም፦ የአፍንጫ መታፈንና ፈሳሽ አለው፤ ወደ ታች ሲያጎነብሱ ይከብዳል፤ በሴኮንዶች መጥቶ አይሄድም።

የጆሮ ግንድ ደም ሥር መቆጣት፦ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ አዲስ የራስ ምታት፣ የራስ ቆዳ ሲነካ ማመም፣ ሲያኝኩ መንጋጋ እየደከመ ማመምና የእይታ መደብዘዝ ካለ ይህ ሊሆን ይችላል። ሳይታከም ከቆየ ዓይን ሊያሳውር ስለሚችል አስቸኳይ ነው።

ጥርስዎን ከማስነቀልዎ በፊት

ሕመሙ ሲጠና «ይነቀልና ልገላገል» ማለት የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን የተነቀለ ጥርስ አይመለስም፤ ሕመሙም ከነርቩ ስለሆነ በጥርሱ ቦታ ድዱ ላይ ይቀጥላል። ስለዚህ፦

• የጥርስ ሐኪምዎ ጥርሱን በራጅ አንስቶ መጎዳቱን እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ።
• ሕመሙ ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይና ምን እንደሚቀሰቅሰው ይንገሩት። «ፊቴን ስነካ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው መንገድ ሊመራው ይችላል።
• አንድ ጥርስ ተነቅሎ ሕመሙ ካልተወ፣ ሁለተኛውን ከማስነቀልዎ በፊት ወደ ነርቭ ሐኪም እንዲላኩ ይጠይቁ።

የእውነት የተበላሸ ጥርስ ካለ ግን መታከም አለበት። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ሕመሙን በደም ምርመራ ማግኘት አይቻልም። ሐኪሙ የሚለየው በዋናነት ታሪክዎን በማዳመጥና ፊትዎን በመመርመር ነው። በጥጥ ነክቶ ሁለቱ ወገኖች እኩል እንደሚሰማቸው ያያል፤ መስማትዎን፣ የዓይን እንቅስቃሴዎንና አረማመድዎንም ይፈትሻል።

ከተቻለ የአንጎል ኤምአርአይ ይታዘዛል። ኤምአርአይ ዕጢ ወይም መልቲፕል ስክለሮሲስ መኖሩን ያሳያል፤ ነርቩን የሚጫን የደም ሥር ካለም ሊታይ ይችላል። ሲቲ ስካን ለዚህ ሥራ ከኤምአርአይ ያነሰ ነው። ኤምአርአይ በአቅራቢያ ከሌለ ወይም ወረፋው ከረዘመ፣ ሐኪሙ ምልክቶቹን ተመልክቶ መድኃኒቱን አስቀድሞ ሊጀምር ይችላል። ውጤት እስኪመጣ ድረስ በሕመም መቆየት ግዴታ አይደለም።

የመድኃኒት ሕክምና

ካርባማዜፒን

ካርባማዜፒን ለዚህ ሕመም ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሰጥ የቆየ መድኃኒት ነው። ቴግሬቶል በሚል ስምም ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ።

መድኃኒቱ የሚጥል በሽታንም ስለሚያክም ፋርማሲ ውስጥ «የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው» ሊባሉ ይችላሉ። ይህ የሚጥል በሽታ አለብዎት ማለት አይደለም። መድኃኒቱ የሚሠራው የተቆጣን ነርቭ በማረጋጋት ነው፤ በፊት ነርቭ ላይም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ደብቀው ወይም አቋርጠው ለሕመሙ ራስዎን አሳልፈው አይስጡ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በ100 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሕመሙ እስኪቀንስ ድረስ በየጥቂት ቀኑ ይጨመራል። ብዙ ሰው በቀን በጠቅላላ ከ400 እስከ 800 ሚሊግራም ይበቃዋል፤ አንዳንዱ እስከ 1,200 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። የእርስዎን መጠን የሚወስነው ሐኪምዎ ነው።

ሲወስዱ፦

• በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይውሰዱ። ሕመሙ ሲመጣ ብቻ የሚዋጥ ማስታገሻ አይደለም።
• ከምግብ ጋር ቢወስዱት ማቅለሽለሽ ይቀንሳል።
• ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ዓይነት አያድቅቁ፣ አያኝኩ።
• ጠዋት ላይ ማኘክ የሚያስቸግርዎ ከሆነ የመጀመሪያውን መጠን ከቁርስ በፊት ለመውሰድ ሐኪምዎን ያማክሩ።
• ከማለቁ ከአንድ ሳምንት በፊት ይግዙ። መድኃኒት ቤቱ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ከሰጠዎትና ሕመሙ ወይም ማዞሩ ከተለወጠ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

የተለመዱ የጎንዮሽ ችግሮች እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ማዞር፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ማቅለሽለሽና አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ናቸው። መጠኑ በፍጥነት ሲጨመር ይብሳሉ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሊወድቁ ስለሚችሉ በተለይ ሌሊት ሲነሱ ደጋፊ ያስፈልጋቸዋል። መድኃኒቱ እስኪለመድ መኪና አይንዱ፣ መሰላል አይውጡ፣ አልኮል አይጠጡ።

መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሊቀንስ፣ የነጭ ደም ሴሎችንና ጉበትንም ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊትና ከጀመሩ በኋላ የደም ምርመራ ይታዘዛል። ግራ መጋባት፣ ከባድ ድካምና ማስታወክ የሶዲየም መቀነስ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።

በጥቂት ሰዎች ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ የቆዳ አለርጂ ያስከትላል። በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሽፍታ፣ የቆዳ መላጥ፣ የአፍ ወይም የዓይን ቁስል፣ ወይም ከጉሮሮ ሕመም ጋር ትኩሳት ካዩ የሚቀጥለውን እንክብል ሳይወስዱ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር

ካርባማዜፒን የብዙ መድኃኒቶችን ኃይል ይለውጣል። የሚከተሉትን የሚወስዱ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

• የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት። ካርባማዜፒን ዶሉቴግራቪርን ጨምሮ የአንዳንዶቹን መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንስ ቫይረሱ ሊያገረሽ ይችላል። «ሌላ የምወስደው መድኃኒት የለም» ብሎ መደበቅ እዚህ ላይ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።
• የቲቢ መድኃኒት። አይሶኒያዚድ የካርባማዜፒንን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ሪፋምፒሲን ሊቀንሰው ይችላል።
• የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ወይም በክንድ የሚቀበር። አቅማቸው ስለሚቀንስ ያልታሰበ እርግዝና ሊመጣ ይችላል።
• የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን፣ እንዲሁም እንደ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ያሉ አንቲባዮቲኮች።
• ትራማዶል። ከካርባማዜፒን ጋር ሲወሰድ ማስታገሱ ይቀንሳል፤ መንቀጥቀጥም ሊያመጣ ይችላል።

በእርግዝና ወቅት ካርባማዜፒን በጽንሱ የአከርካሪ ነርቭ አፈጣጠር ላይ ችግር የማምጣት ዕድል አለው። ለማርገዝ ካሰቡ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። ካረገዙም በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ በፍጥነት ሐኪም ያነጋግሩ።

ሌሎች መድኃኒቶች

ኦክስካርባዜፒን የካርባማዜፒን ዘመድ ነው። እንቅልፍና ማዞሩ ይቀንሳል፤ ሶዲየምን ግን የበለጠ ሊቀንስ ይችላል። ላሞትሪጂን፣ ባክሎፌን፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ብቻቸውን ወይም ተጨምረው ሊሰጡ ይችላሉ። ባክሎፌንም በድንገት አይቋረጥም።

ቀዶ ሕክምናና ሌሎች አማራጮች

መድኃኒቱ ሕመሙን መያዝ ሲያቅተው ወይም የጎንዮሽ ችግሩ ኑሮን ሲያውክ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪም ማማከር ይገባል። እስከ መጨረሻው አቅም ድረስ በመድኃኒት መቆየት የለብዎትም፤ አማራጮቹን ቀድሞ ማወቅ ለመወሰን ጊዜ ይሰጣል።

የደም ሥሩን ከነርቩ ማላቀቅ፦ ከጆሮ ጀርባ የራስ ቅል ተከፍቶ የደም ሥሩ ከነርቩ ይለያል፤ በመካከላቸውም ትንሽ መለያ ይደረጋል። የሕመሙን መንስኤ የሚያክመው ይህ ስለሆነ ውጤቱ ከሌሎቹ ረዘም ያለ ነው። ከ10 ዓመት በኋላም ከአሥር ሰዎች ሰባት ያህሉ ያለ ሕመም ይኖራሉ። ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የመስማት መቀነስ፣ የአንጎል ፈሳሽ መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ብርቅ ቢሆንም ስትሮክና ሞት ሊያስከትል ይችላል።

በመርፌ የሚደረግ ሕክምና፦ በጉንጭ በኩል በገባ መርፌ ነርቩ በሙቀት፣ በግሊሰሮል ወይም በትንሽ ፊኛ ግፊት እንዲደነዝዝ ይደረጋል። በዕድሜ ለገፉና ትልቅ ቀዶ ሕክምና ለማይችሉ ሰዎች ይመረጣል። ሕመሙ ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ፊት ሊደነዝዝ ይችላል፤ ሕመሙም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል።

የጨረር ሕክምና፦ ያለ ቀዶ ጥገና ጨረር ወደ ነርቩ ሥር ያነጣጥራል። ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ስለሚችል መድኃኒቱ እስከዚያ ይቀጥላል።

ከሕክምናው በኋላ የዓይን ብሌን ስሜት ከደነዘዘ አቧራ ቢገባ አይታወቅም። የዓይን መቅላት ሲያዩ ባያምም እንኳ ወዲያው ይታከሙ።

ከመስማማትዎ በፊት ሐኪሙን ይህን ይጠይቁት፦ ይህን ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ፊቴ የመደንዘዝ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ሕመሙ ቢመለስ ቀጣዩ ምንድን ነው? ወደ ሌላ ከተማ ወይም አገር ለመሄድ ካሰቡ የኤምአርአዩን ምስል በሲዲ፣ የሞከሯቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርም በጽሑፍ ይያዙ።

የዕለት ተዕለት ኑሮ

መብላትና መጠጣት። ሕመሙ በሚጠናበት ሰሞን በማይታመመው ወገን ያኝኩ። ቆሎ፣ ጥብስና ጥሬ ሥጋ መንጋጋን ስለሚያደክሙ ይቆዩ። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሾርባ፣ በደንብ የራሰ ሽሮ ፍትፍት፣ የተፈጨ ሙዝና አቮካዶ ይረዳሉ። ቡናና ሻይ ለብ ብለው ይጠጡ፤ የሚያቃጥልም የሚቀዘቅዝም አይሁን። መጠጫ ቀሰም ከንፈርን ከመነካት ያድናል። በሳምንት አንዴ ይመዘኑ፤ ክብደት መቀነስ ሕክምናው መስተካከል እንዳለበት ምልክት ነው። ውኃ መጠጣት እንኳ ካልቻሉ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥርስ ማጽዳት። ፍርሃቱ የሚገባ ቢሆንም ጥርስን መተው ሌላ ሕመም ያመጣል። በጣም ለስላሳ ብሩሽና ለብ ያለ ውኃ ይጠቀሙ፤ መድኃኒቱ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት ያጽዱ። ብሩሽ ባልተቻለበት ቀን ጨው ባለበት ለብ ያለ ውኃ ይጉመጥመጡ። ጠንካራ መፋቂያ ለጊዜው ይቆይ።

ነፋስና ቅዝቃዜ። ከቤት ሲወጡ ፊትዎን በነጠላ፣ በሻሽ ወይም በሻርፕ ይሸፍኑ። ታክሲና አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ዳር አይቀመጡ። ፊትዎን ከመርጨት ይልቅ ለብ ባለ ውኃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ በቀስታ ይንኩ።

ሰላምታና ጉርሻ። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳምና አፍ በሰፊው የሚያስከፍት ጉርሻ ለዚህ ሕመም ከባድ ናቸው። እምቢ ማለት የሚያሳፍር ከሆነ አስቀድሞ መናገር ይቀላል፦ «ፊቴን የነርቭ ሕመም ስላለብኝ ነው፤ በእጅ እንጨባበጥ»፣ «ጉርሻውን በሳህኔ ላይ አኑርልኝ»። በሠርግና በለቅሶ ቤት አንድ የቤተሰብ አባል ከጎን ሆኖ ይህን ቢነግር ሕመምተኛው ይገላገላል።

ጾም። መድኃኒቱ ሰዓቱን ጠብቆ መወሰድ አለበት። በረመዳን የሚጾሙ ሰዎች መጠኑን ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ኦርቶዶክሳውያን ሕመምተኞች ደግሞ ስለ ጾም ሰዓት ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ።

ጸበልና የባህል ሕክምና። ጸበልና ጸሎት ለብዙዎች ብርታት ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ መሄድ ይችላል። ቀዝቃዛ ውኃ ፊት ላይ ሲወርድ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ግን ፊትን ሳያስመቱ ሌላውን ሰውነት መጠመቅ ወይም መጠጣት ይቻላል። ጸበል ሲገቡ መድኃኒቱን አያቋርጡ። ፊትን ማስተኮስና መብጣት ቆዳን ያቆስላል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ነርቩን አይደርስበትም። ዳማከሴ በፊት ላይ ማሸትም ሕመሙን ሊያስነሳ ይችላል።

እንቅልፍ፣ ስሜትና ፍርሃት

ሕመሙ ባይኖርም «አሁን ይመጣል» የሚለው ፍርሃት ራሱ ያደክማል። ሰው ከመናገር ይቆጠባል፤ ከማኅበርና ከዕቁብ ይቀራል፤ በቤቱ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ድብርት የሕመሙ አንድ ክፍል ነው፤ የእምነት ወይም የጥንካሬ ማነስ አይደለም። ድብርትም ይታከማል።

መኖር ያስጠላዎት ወይም ራስዎን ለመጉዳት ካሰቡ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አብሮዎት እንዲሄድም ያድርጉ። እንዲህ ያለው ሐሳብ አልፎ አልፎ በመድኃኒቱም ምክንያት ሊመጣ ስለሚችል ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ለቤተሰብ

ሕመሙ ከውጭ አይታይም። ፊቱ አላበጠ፣ አልቆሰለ፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት ሲያወራ የነበረ ሰው ድንገት ፊቱን ይዞ ዝም ይላል። «ማስመሰል ነው» ወይም «ታገሥ» ማለት ሕመሙ ላይ ሕመም ይጨምራል።

• ምቱ ሲመጣ አይንኩት፣ ጥያቄ አያብዙበት። እስኪያልፍ አጠገቡ ይጠብቁ።
• ሳይታይ ፊቱን አይዳስሱ፤ ልጆችም እንዳይጎትቱት ያስረዱ።
• መልስ በጭንቅላት ንቅናቄ ወይም በጽሑፍ እንዲሰጥ ይፍቀዱለት።
• የመድኃኒቱን ሰዓትና የቀረውን እንክብል ይከታተሉ።
• ግራ መጋባት፣ መውደቅ ወይም ሽፍታ ካዩ እርስዎ ይወስኑ፤ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።
• በሐኪም ፊት አብረውት ይግቡ። ሲናገር የሚያመው ሰው ታሪኩን ያሳጥራል፤ የጎደለውን እርስዎ ይሙሉለት።

ሕመሙ ሲተው

ሕመሙ ለሳምንታት ካልመጣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ሊቀንስ ይችላል። በራስዎ በአንድ ቀን አያቁሙ፤ በተለይ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ላይ በድንገት ማቆም መንቀጥቀጥ ያመጣል። የተረፈውን መድኃኒትና የመጨረሻውን የሐኪም ማዘዣ ያስቀምጡ። ሕመሙ ከተመለሰ የት እንደሚሄዱና በምን መጠን እንደሚጀምሩ አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይስማሙ። ሲመለስ «ሕክምናው ከሸፈ» ማለት አይደለም፤ የበሽታው ጠባይ ነው።

ፈጥነው ሐኪም ማየት ያለብዎት

• ፊትዎ ሳይለቅ ከደነዘዘ ወይም ከተጣመመ፤
• መስማት ከቀነሰ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም አረማመድ ከተበላሸ፤
• ሕመሙ በሁለቱም ወገን ከሆነ ወይም ከ40 ዓመት በፊት ከጀመረ፤
• በግንባርና በዓይን አካባቢ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ዓይን ከቀላ፤
• መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል ወይም ግራ መጋባት ከመጣ፤
• መብላትና መጠጣት ካቃተዎት።

ለቀጠሮዎ ይዘጋጁ

በአንድ ደብተር ላይ ለሁለት ሳምንት ይህን ይመዝግቡ፦ ሕመሙ የመጣበት ቀንና ሰዓት፣ የትኛው የፊት ክፍል፣ ስንት ሴኮንድ፣ ምን ሲያደርጉ፣ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ የወሰዱት መድኃኒትና የጎንዮሽ ችግር። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ቤተሰብ ሊመዘግብላቸው ይችላል። ከዚህ በፊት የተነሱ ራጆችን፣ የደም ምርመራ ውጤቶችን፣ የሪፈር ወረቀቱንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ይዘው ይሂዱ።

የነርቭ ሐኪም በአቅራቢያዎ ከሌለ ጠቅላላ ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ካርባማዜፒንን ጀምሮ ሊከታተልዎት ይችላል። ሁለተኛ መድኃኒት ሲያስፈልግ፣ ከላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ ሲታይ ወይም ስለ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ወደ ስፔሻሊስት እንዲላኩ ይጠይቁ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የተዘጋጀ ነው፤ የሐኪምዎን ምክር አይተካም። መድኃኒት ለመጀመር፣ መጠን ለመለወጥ ወይም ለማቆም ሐኪምዎን ያማክሩ።